ለሠርጌ ፎቶ አንሺ የሰጠሁት ትእዛዝ

ባለፈው ጥር የባለቤቴ እህት ልጅ ልታገባ ሽር ጉድ ስትል ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ለፎቶ አንሺው ቀድመን ምን ምን እንንገረው? ከእሱስ ምን እንጠብቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ተሻምቶ መለሰላት፤ አንዱ ስለ ቪዲዮው፣ አንዱ ስለ አልበሙ፣ ሌላው ስለ መናፈሻው አወራ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባለቤቴ ለምን እንደወጣሁ ታውቃለች። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለም ከአንድ ከሁለት አይበልጥም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መቱ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የተወለድኩት ከመቱ ብዙም በማይርቀው ቡሬ ነው። አባቴ ገና ሳልድህ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። እትዬ ዲንቂቱ ይሏታል። ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬና ኮረሪማ እየቸረቸረች አስተማረችኝ። ሌላ ልጅ የላትም።

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ገበያ የወጣ ሰው እንቅርት ያለባት ሴት ሳያይ አይመለስም። የእሷ ግን ትልቅ ነበር። ከአገጯ ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ያጋደለ። ሕፃን ሳለሁ እሱን ተንተርሼ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር አሉ። ትምህርት ቤት ገብቼ ልጆች ሲጠቋቆሙባት ካየሁ በኋላ ግን ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ ተውኩ። ሥራ ይዤ መቱ ከገባሁም በኋላ በዓል ሲሆን እየሄድኩ አያታለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ነይና ቤቴን እዪ» ብያት አላውቅም።

ያገባኋት ልጅ ጥሩወርቅ ትባላለች። አባቷ ጋሼ ታፈሰ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ቀድሞ አስተማሪ ስለነበሩ ንግግራቸው የተመጠነ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ቤታቸው ስገባ ጫማዬን ሦስት ጊዜ ነበር የምጠርገው። ሽማግሌ የላክሁት ከመሥሪያ ቤቴ መርጬ ነው፤ እናቴን ሲጠይቁኝ «ከቡሬ መመላለሱ አይመቻትም» አልኩ። ስለዚህ እስከ ሠርጉ ዕለት ድረስ አይተዋት አያውቁም።

መቱ ውስጥ ያን ጊዜ ስማቸው የሚጠራ ፎቶ አንሺ ጋሼ ሽኩር ነበሩ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መጀመሪያ ልብስ ሲሰፉ፣ በኋላ ፎቶ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል ሐይቅና ጀልባ የተሳለበት መጋረጃ፣ በሌላ በኩል ፊልም የሚያጥቡባት ጨለማ ጓዳ። ፊልም እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበረ ጋሼ ታፈሰ አዲስ አበባ ላለ ወዳጃቸው ጽፈው ሦስት ጥቅል አስመጡልን። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፊልሙን ይዤ ጋሼ ሽኩር ዘንድ ሄድኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ሠርግ ማንሣት ጉርድ ፎቶ እንደ ማንሣት አይደለም። ከእኔ የምትጠብቀውን ልንገርህ፣ እኔ ከአንተ የምጠብቀውንም ስማ። ጭፈራው አያሳስብህ፤ እሱን ራሴ ፈልጌ አነሣዋለሁ። የሚያስቸግረው ዘመድ ነው። ምሳ ከተበላ በኋላ የሚሰበሰብልህ ሰው የለም። ስለዚህ ከምሳ በፊት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ጽፈህ ስጠኝ። የምጀምረው ከሽማግሌዎቹ ነው። ወጣቱን ሌላ ቀንም አገኘዋለሁ።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የሙሽራዋ አባትና እናት፣ አጎቶቿ፣ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ፣ ሚዜዎቹ። ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«አባት የለህም፣ እሱን አውቃለሁ። እናትህስ?»

«ትመጣለች።»

«እዚህ ላይ የለችም እኮ።»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «እሷን ባያነሧት ይሻላል» አልኩ።

«ምነው? ታመዋል?»

«አይደለም። አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት። ፎቶው ጋሼ ታፈሰ ሳሎን ይሰቀላል፤ ሰው ያየዋል።»

«ታዲያ ለዚህ ነው?» አሉና ፈገግ አሉ። «በጎን አቆማቸዋለሁ። ነጠላ አለ፣ ጥላ አለ። ሥራዬ ምን ሆነና!»

«አይሆንም፣ ጋሼ ሽኩር። ጭራሽ ባትነሣ ነው የምፈልገው።»

«ራሳቸው መጥተው አንሣኝ ቢሉኝስ? እናት ናቸው፣ ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ?»

መልሱን አስቤበት ነበር የመጣሁት። ፎቶ አንሺዎች ፊልም እንዳያልቅባቸው አንድ ዘዴ እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ከፍላሹ ጀርባ አንዲት መሞከሪያ ቁልፍ አለች። እሷን ሲጫኗት ፍላሹ ቦግ ይላል፤ ካሜራው ግን ምንም አያነሣም። ተነሺው ተነሣሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

«ፍላሹን ብቻ ያብሩላት» አልኩ።

ጋሼ ሽኩር ፈገግታቸው ጠፋ። «ይህን የማደርገው ለሰካራም ነው። ሰክሮ መጥቶ አንሣኝ እያለ ለሚጨቀጭቅ።»

«ሠርጉ የጋሼ ታፈሰ መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

ይህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሊቀመንበር በዚያን ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የንግድ ፈቃዱ፣ የሱቁ ቤት፣ የሚታደለው ስኳር ሳይቀር በእሳቸው እጅ ነው። ጋሼ ሽኩር ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እሺ» አሉ። እኔም ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

እናቴ ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣች። ሚዜዎቼ ቤቱን ሞልተውታል ብዬ ጎረቤት አሳደርኳት። እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ደራርባ ጠምጥማ በመርፌ ቁልፍ አያይዛዋለች።

«ኢልማ ኮ» አለችኝ። ሆዷ ሲራራ በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ቀንሳ፣ «ይታያል?» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኩ እንዳልገባኝ ሆኜ።

«አንተ ደግሞ! መስታወት ፊት ስለማመደው ነው የሰነበትኩት። አማቾችህ ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ።»

«አይታይም፣ እማዬ።»

እውነትም አይታይም ነበር። ያኔውኑ ሮጬ ሄጄ ለጋሼ ሽኩር «ያልኩዎትን ይተዉት» ማለት እችል ነበር። ሐሳቡ መጥቶብኛል። ግን መኪናው እየጠበቀ ነበር፣ ሚዜዎቼ እየተጣሩ ነበር፤ በልቤም ነጠላው ቢንሸራተትስ አልኩ። መኪና ውስጥ ገባሁ።

ዳሱ የተጣለው ጋሼ ታፈሰ ግቢ ነው። ጋሼ ሽኩር ከምሳ በፊት ወረቀታቸውን አውጥተው ዘመድ እየጠሩ ማንሣት ጀመሩ። እናቴ ከዳሱ ጥግ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች መካከል ተቀምጣ ከሩቅ ታየኛለች። የሙሽራዋ ወገን ተነሥቶ ሲያበቃ ጋሼ ታፈሰ ግራ ቀኝ አዩና፣ «የልጃችን እናት የት ናቸው?» አሉ። ጠዋት ስንገባ ተዋውቀዋት ነበርና፣ ማንም ሳይመልስላቸው ራሳቸው ለይተው አዩዋት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አቋርጠው ሄደው እጇን ይዘው አስነሷት።

«እመቤት፣ ጥግ መቀመጥ ምንድን ነው? ዛሬ እኮ የእርስዎ ቀን ነው። ይምጡ!»

አምጥተው በእሳቸውና በጥሩወርቅ መካከል አቆሟት። እሳቸው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ጥሩወርቅ የእናቴን ክንድ ያዘች። እኔ በሌላው በኩል ቆምኩ። ጋሼ ሽኩር ካሜራውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ መልሰው አወረዱትና በቀጥታ እኔን አዩ። ምን ብለው እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ከእኔ ሌላ ያንን ጥያቄ ያየ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ራሴን ብወዘውዝ ሁሉም ነገር ይቀር ነበር። እኔ ግን ቀጥሉ ለማለት በአገጬ ምልክት ሰጠኋቸው።

ፍላሹ ቦግ አለ።

ቀጥሎ እኔንና ጥሩወርቅን ከእሷ ጋር፣ በመጨረሻም እሷን ብቻዋን አቆሙ። ሦስት ጊዜ ፍላሹ በራ። እናቴ እንዳታርገበግብ ብላ ዐይኗን አፍጥጣ፣ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትቆመው። በሕይወቷ ፎቶ ስትነሣ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወጣሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው ሲጨርሱ።

ጋሼ ሽኩር «ፍላሹ በርቷል፣ እማማ» አሉ። መዋሸት አልፈለጉም፤ እውነቱንም መናገር አልቻሉም።

«ገላቶማ፣ ልጄ። እጅህ ይባረክ» ብላ አመሰገነቻቸው።

የሠርጉ ማግስት ወደ ቡሬ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ «ፎቶው እስኪታጠብ ልቆይ» አለች። ጎረቤቶቿ ሱራ ሳትይዢ እንዳትመጪ ብለዋታል፤ ሱራ ፎቶ ነው። ጋሼ ሽኩር ረቡዕ ይደርሳል ብለው ነበር። ሰኞና ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። እናቴ ከጥሩወርቅ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ፎቶውን ቤቷ የት እንደምትሰቅለው ታወራለች። በር ስትገቢ በቀኝ በኩል፣ ጭስ የማይደርስበት ቦታ። ጥሩወርቅ «መስታወት ያለው ክፈፍ እኔ እገዛልዎታለሁ» ትላታለች። እኔ በልቤ፣ ፊልም ተቃጠለ እላታለሁ፣ ትንሽ ታዝናለች፣ ያልፋል እላለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ እናቴ የለችም። «ፎቶ ቤት ልቅደም ብላ ሄደች» አለችኝ ጥሩወርቅ። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሮጥኩ።

ስደርስ እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ፎቶዎቹ ጭኗ ላይ ናቸው። አንድ በአንድ እያነሣች፣ ጠርዙን በጥንቃቄ እየያዘች ታያቸዋለች። ጋሼ ሽኩር ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም አይታ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛው ጊዜ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «እኔ የታለሁ?» አለች።

ጋሼ ሽኩር አዩኝ። እኔ ሸሚዜን መቆለፍ ቀጠልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አሉ። «የእርስዎ የነበረበት ፊልም ሳጥብ ተቃጠለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ ፊቷ ለአፍታ ጠቆር አለ። ወዲያው ግን እሳቸውን ማጽናናት ጀመረች። «ውይ፣ አይዞህ ልጄ። እሳት የሚነካው ነገር መቼ እንደሚቃጠል አይታወቅም። ሆን ብለህ አላደረግከው።» ይህን ስትል ጋሼ ሽኩር ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዞሩ።

በዚህ መሐል ጋሼ ታፈሰ ገቡ። እሳቸውም ፎቶ ሊወስዱ ነው የመጡት። አገላበጡ፣ ፈለጉ። «ከእናታችን ጋር ያነሣኸን የታለ?»

«ተቃጥሏል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሦስቱም ፎቶ?»

«ሦስቱም።»

«ደግ። የተቃጠለውን ፊልም አሳየኝ።»

ጋሼ ሽኩር የተቃጠለ ፊልም ከየት ያምጡ?

«ፊልሙን ያስመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ታፈሰ ድምፃቸው እየከረረ። «በአገሩ ፊልም እንደሌለ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ቆርጠህ ለሌላ ደንበኛ አነሣህበት፤ እንዲህ ነው የምትሠሩት። ይህ ስሙ አሻጥር ነው።» ወደ ደጅ ወጥተው አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠሩ። ጋሼ ሽኩር አልተከራከሩም። የፎቶ ቤታቸውን በር ዘግተው ቁልፉን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ሄዱ። እናቴ «ኧረ ተዉት! ኧረ ስለ እኔ ብላችሁ!» እያለች እስከ መንገዱ ተከተለቻቸው። እኔ ፎቶዎቹን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት በእግሬ ዞርኩ። እስከ ሶር ወንዝ መንገድ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ቀበሌ ሄድኩና ለዘበኛው ዘመድ ነኝ ብዬ በመስኮት ጋሼ ሽኩርን አነጋገርኳቸው። ከሽቦው በስተጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ሽኩር፣ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? እናትህ እዚያው ተቀምጠው?» አሉ። ቁጣ የለባቸውም። «ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ይጠይቀኛል። ካላመንኩ ነገ ወደ አውራጃ ይልኩኛል ብለዋል። አንተ ብትናገር የራስህ ጉዳይ ነው። እኚያ ሴትዮ ግን ከእኔ አፍ አይሰሙትም።»

«ልጆችዎስ?»

«እሱን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ስምንት ሰዓት ላይ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበርን። ጋሼ ታፈሰና ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጋሼ ሽኩር መሐል ላይ ቆመው። እናቴ ካልሄድኩ ብላ ስለነበር ጥሩወርቅ ደግፋ አምጥታታለች። ጋሼ ሽኩር ሲጠየቁ «ተቃጠለብኝ፣ የት እንደጣልኩት አላስታውስም» ብቻ ይላሉ። አንዱ የኮሚቴ አባል ወደ አውራጃ የሚላከውን ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምር እናቴ ብድግ አለች።

«ጌቶቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። እኔ ፎቶ ሳልወጣ ቀረሁ ተብሎ ሰው ይታሰራል? ይህ ሰው የተነሣሁ ቀን እጄን ይዞ እንዴት እንደምቆም አሳይቶኛል። ያቺ ደስታ ትበቃኛለች። ሱራው ቢቀር ምን እሆናለሁ? ልጆች አሉት፣ ልቀቁልኝ።»

«እመቤት፣ ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አሉ ጋሼ ታፈሰ።

እዚያ ላይ እኔ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ፊልሙ አልተቃጠለም» አልኩ። «ቀድሞም አልተነሣችም። ፍላሹን ብቻ ያብሩላት ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እምቢ ብለው ነበር፤ በእርስዎ ስም አስፈራራኋቸው።»

ጸሐፊው እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ጋሼ ታፈሰ ያልሰሙ ይመስል፣ «ማንን ነው ያልከው?» አሉ።

«እናቴን።»

«እናትህን እንዳያነሧት? ለምን?»

ወለሉን አየሁ።

«ለምን? ነው የምልህ!» ጠረጴዛውን መቱት።

«በአንገቷ ምክንያት» አልኩ።

እናቴን ለማየት አልደፈርኩም፤ ግን በዐይኔ ጫፍ እጇ ወደ አንገቷ ሲሄድ አየሁት። ነጠላዋ እንደተያያዘ መሆኑን በጣቷ አረጋገጠች። ያን ጊዜም፣ ያ ሁሉ ከተነገረ በኋላም፣ እኔን ላለማሳፈር ነበር የምትጨነቀው። ከዚያ ወደ ጋሼ ሽኩር ዞራ፣ «ሦስቱንም ጊዜ?» አለቻቸው።

«ሦስቱንም ጊዜ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።» ጋሼ ሽኩር ያለቅሱ ነበር።

«አንተ ምን አጠፋህ? የታዘዝከውን ነው» አለች። ለጋሼ ታፈሰም፣ «እንግዲህ ሰውየውን ልቀቁት። ሥራ ፈቷል» ብላ ወጣች። እኔን አንድም ነገር አላለችኝም። አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ታፈሰ ደብዳቤውን ቀደዱ። ተነሥተው ጋሼ ሽኩርን እጃቸውን ይዘው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሊቀመንበር ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በእኔ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። «ልጄን ለማን ነው የሰጠሁት?» አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ።

አውቶቡስ ተራ ደርሼ እናቴን ሳገኛት ትንሿን ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች። ከጎኗ ጥሩወርቅ ተቀምጣለች። የሦስት ቀን ሙሽራ ናት፤ በማግስቱ የወላጆቿ ቤት መልስ ነበረብን።

«የት ነው?» አልኳት።

«ቡሬ» አለችኝ። «የባሌን እናት ልሸኝ።»

መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሼ ሽኩር ካሜራቸውን አንጠልጥለው እያለከለኩ መጡ። ከእስር ወጥተው ቤታቸው እንኳ አልገቡም፤ ፎቶ ቤቱን ከፍተው፣ የቀረቻቸውን ፊልም አስገብተው ነው የመጡት። «እማማ፣ እባክዎ አንዲት ጊዜ ብቻ! እዚያው እንደተቀመጡ!»

እናቴ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ትከሻቸውን ነካች። «ሌላ ጊዜ ልጄ። ዛሬ ፊቴ ጥሩ አይደለም።»

አራት ቀን ብቻዬን ሙሽራ ቤት ተቀመጥኩ። ለመልሱ የተዘጋጀው ድግስ ጋሼ ታፈሰ ቤት ለጎረቤት ተበላ። በአምስተኛው ቀን ጥሩወርቅ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ፣ «የመጣሁት በራሴ አይደለም» አለችኝ። «እኔ እዚያው ልቀር ነበር። እሷ ናት ‹ልጄን ብቻውን አትተዪው፣ ምግብ ማብሰል አያውቅም› ብላ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረችኝ።»

ያን ዕለት ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

በሳምንቱ ቡሬ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አነሣችኝ፤ አበላችኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አለችኝ፤ እንዳለችውም ይቅር ብላኛለች ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ መቱ ይዣት እየመጣሁ፣ ክንዷን ይዤ በዋናው መንገድ አብረን እንሄድ ነበር። ነጠላውን አንገቷ ላይ መጠምጠሙን ግን አልተወችም። «እማዬ፣ ፍቺው፤ ይሞቅሻል» ስላት «ለምጄዋለሁ» ትለኛለች። እሱን እኔ ነኝ ያስለመድኳት።

ይህን የምታነቡ፣ ሠርግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከፎቶ አንሺ ምን እንደምትጠብቁ ከእኔ ስሙ። ፎቶ አንሺ የሚያነሣው እናንተ የጠቆማችሁትን ነው። ጎበዝ ቢሆን፣ ካሜራው ምርጥ ቢሆን፣ ከጻፋችሁለት ወረቀት አያልፍም። ወረቀቱን የምትጽፉ ዕለት ማንን እንደተዋችሁ ደግማችሁ እዩ። የረሳችሁት ሰው ካለ ይጨመራል። አፍራችሁበት የተዋችሁት ካለ ግን ፎቶ አንሺው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ከራሳችሁ ጋር ቁጭ በሉ። እኔ የሠርጌን አልበም ገልጬ አላውቅም። ከሣጥን ሥር አለ፤ ጥሩወርቅም አታወጣውም።

እናቴን ፎቶ ልናስነሣት ብዙ ጊዜ ሞክረናል። በየበዓሉ «ሌላ ጊዜ» ትላለች። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና የተነሣች ቀን ጋሼ ሽኩርን ጠራናቸው። ጋሼ ታፈሰ ባለቤታቸውን ይዘው ቆሙ፣ ጥሩወርቅ ሕፃኗን ታቀፈች፣ መሐል ላይ ለእናቴ ወንበር አደረግንላት። እጇን ይዤ ለመንኳት፤ ጋሼ ታፈሰም ለመኗት። «እናንተ ቁሙ፤ እኔ ልጅቷን ላስቅላችሁ» ብላ ከጋሼ ሽኩር ጎን ሄዳ ቆመች። እያጨበጨበች በኦሮምኛ እሹሩሩ ትላት ጀመር። ሕፃኗ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ጋሼ ሽኩር አነሡን።

እናቴ ከክርስትናው በኋላ በሦስተኛው ዓመት አረፈች። አንድም ፎቶ የላትም።

የክርስትናው ፎቶ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ባዶው ወንበር መሐል ላይ አለ። ሁላችንም፣ ሕፃኗም ጭምር፣ ከካሜራው ወደ ግራ ዘንበል ብለን እየሳቅን እናያለን። ልጄ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «አባዬ፣ ምን እያያችሁ ነው የምትስቁት?» ትለኛለች። እስከ ዛሬ «እንዲሁ ነው» እያልኩ አልፌያታለሁ።

አያትሽን ነው፣ ልጄ።